የካምቢዮውን ዘይት ልትቀይር ስትል አባቷ የጮኹት

«ቆዪ!... እሱን አትፍቺው!»

ልጅቷ ደንግጣ ከመኪናው ሥር ቀና ስትል ግንባሯ ከብረቱ ጋር ተላተመ።

መፍቻው ከእጇ ወደቀ...

ግቢው ውስጥ ከእሷና ከአባቷ በቀር ማንም የለም።

አባቷ ደግሞ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አይናገሩም!

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌና ክር እንጂ ብሎን መፍታት ሥራዋ አይደለም። ታዲያ መኪና ሥር ምን አስገባት?

ነገሩ እንዲህ ነው...

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ከሆስፒታል የወጡት በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

የእንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጣቸው ክሊኒክ ዳገት ላይ ነው። ባለ ታክሲዎች ወንበሩን ሲያዩ እንዳላየ ያልፋሉ...

ስለዚህ ልጅቷ ያገለገለች ኤስዩቪ ገዛች። የኋላ በሯ ሰፊ፣ ወንበሩን እንዳለ የምትውጥ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋም ታመመች።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ማርሽ በቀየረች ቁጥር እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች።

መካኒኩ ከሥር አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የካምቢዮው ዘይት ስንት ዓመት እንዳልተቀየረ እንጃ! አሁን ብትነኪው ጭራሽ ይሞትብሻል። እንዳለ ንጃት።»

«እንዳለማ ዳገቱን አልወጣ አለችኝ!»

«እንግዲህ... እኔ እጄን አላስገባም።»

ሌላ ጋራዥ ሄደች። እዚያም ያው።

ማታ ታላቅ ወንድሟ አባታቸው ፊት ቁጭ ብሎ «ሳትሞትብን እንሽጣት። ነገ ገዢ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«አባዬስ ክሊኒክ በምን ይሄዳል?»

«ምን ለውጥ አመጣለት ብለሽ ነው? አርፎ ቤቱ ይቀመጥ።»

አባትየው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ...

«አልሸጣትም!» አለች። «ከሞተችም እኔው እጅ ላይ ትሙት።»

ቆርጣ ተነሳች። ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስታይ አመሸች። በማግስቱ ሱቋን ዘጋች፣ ለመኪናዋ የሚሆነውን ዘይት ገዛች፣ ከጎረቤት ክሪክና መደገፊያ ተዋሰች። አባቷን ፀሐይ እንዲሞቁ ደጅ አወጣቻቸውና መኪናዋ ሥር ገባች።

የታችኛው ብሎን ላይ መፍቻውን አስገብታ ልትስበው ስትል ነው እንግዲህ ያ ድምፅ የመጣው!

ከሥር ወጥታ አባቷን አፍጥጣ አየቻቸው።

«አባዬ... አንተ ነህ?»

ምላሳቸው ከብዷል፤ ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«የ... የላዩን... በፊት።»

«የቱን የላዩን?»

«መሙያውን። የታቹን አፍስሰሽ... የላዩ እምቢ ካለሽ... በምን ትሞያለሽ?»

ክው አለች። ተመልሳ ገባችና የመሙያውን ብሎን ሞከረች።

እውነትም እምቢ አለ! ዝጎ ከካምቢዮው ጋር አንድ ሆኗል። የታችኛውን ቀድማ ፈትታ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ባዶዋን ግቢ ውስጥ ቆማ ትቀር ነበር።

«አሁንስ ምን ላድርግ አባዬ?»

«ቱቦ... መፍቻው ላይ... ሰክተሽ አርዝሚው።»

ከአሮጌ አልጋ የተረፈ የብረት ቱቦ አምጥታ ሰካች። በእጇ ሞከረች... ወይ ፍንክች! ተንጋላ በሁለት እግሯ ገፋችው።

ቀጭ!

አባትየው በደህናው እጃቸው ወንበራቸውን ደበደቡ።

«በያት!!»

አሁን የታችኛውን ፈታች። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የተቃጠለ የተቃጠለ የሚሸት ዘይት ወረደ።

«የወጣውን ያህል ብቻ መልሺ» አሉ። «ሁሉንም አጥበሽ አታውጪው። ነድተን ነድተን... ደግሞ ትንሽ እንቀይራለን። የቆየ ነገር... ባንዴ አይሆንም።»

አዲሱን ዘይት በቀጭን ጎማ ሞልታ የመጨረሻውን ብሎን ስታጠብቅ በሩ ተከፈተ።

ወንድሟ ነው። ገዢ ይዞ መጥቷል።

«ጭራሽ ፈታታሻት?! አንቺ ልጅ አብደሻል?»

«አትሸጥም።»

ወንድሟ እህቱን አያት። አፏ አልተንቀሳቀሰም...

ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«አባዬ!! መናገር ጀመርክ?»

«አላቋረጥኩም።»

«እንዴት?»

አባትየው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሆስፒታል እያለሁም እናገር ነበር። ቃሌ ሲዘገይባችሁ... ‹እሺ እሺ፣ አትድከም› እያላችሁ እናንተው ጨረሳችሁልኝ። ቤት ስገባ ደግሞ... ስለ እኔ ታወራላችሁ እንጂ ከእኔ ጋር አላወራችሁም። ታዲያ ለማን ልናገር?»

ገዢው ጉሮሮውን ጠራረገና ሹልክ ብሎ ወጣ።

ልጅቷ በዘይት የተለወሰ እጇን አየች። ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። መድኃኒታቸውን አንድ ቀን አልረሳችም። ግን እሷም ብትሆን «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብላ የጠየቀቻቸው ዛሬ ገና ነው!

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ያዘ።

ከዚያ ሦስቱም ዳገቱን ሊሞክሩ ወጡ።

መኪናዋ መሐል ላይ አንዴ ነዘር አደረጋት... ቀጥሎ ግን ቀስ እያለች ወጣችው!

አባትየው መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም አላሉም።

«ቀስ... አትርገጫት... መሪውን እንደ መቀስ ነው እንዴ የምትይዢው?»

ወንድምየው ከኋላ ሆኖ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርስላቸው አፉን ከፈተና... ምላሱን ነክሶ ጠበቃቸው።

ወዳጆቼ...

የታመመን ሰው ማጉረስና ማጠብ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰው ሰው መሆኑ የሚሰማው ሐሳቡን ስንጠይቀው ነው። ቃሉ ቢዘገይም እስኪጨርስ እንታገሠው!

እስቲ በእናንተ ቤትስ «እንዳይደክም» እየተባለ ዝም እንዲል የተደረገው ማን ነው? ዛሬ ማታ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ... 👇