የሰርጉ ኩባያዎች

ደብሪቱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቡዳ ናት ስለሚሏት ሰርግ ተጠርታ አታውቅም። ገበያ ላይ እንኳ ገዢዎቿ ዓይኗን ሸሽተው ነው ዕቃ የሚያነሱት። ወይዘሮ ዘርትሁን ለልጃቸው ሰርግ ስድሳ የጠላ ኩባያ አዝዘው ሲያበቁ፣ "አንቺም እንዳትቀሪ" ቢሏት ጆሮዋን ማመን አቃታት። እያንዳንዱን ኩባያ በወንዝ ጠጠር ፍትግ አድርጋ አለዘበችው።

የሰርጉ ዕለት ነጠላዋን አጥባ ሄደች። ዳሱ ጥግ ለብቻዋ አስቀመጧት፤ ቅር አላላትም። አገር ምድሩ በእጇ ሥራ ሲጠጣ እያየች ደስ አላት። ለእሷም ቀዱላት። እስከ አተላው ጨለጠችና ኩባያውን በሁለት እጇ መለሰች።

ወይዘሮ ዘርትሁን በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሏት። ከዳሱ ኋላ ዞሩ፤ ሸክላ ድንጋይ ላይ ሲከሰከስ ተሰማ። ከእንግዶቹ ዞሮ ያየ አልነበረም።

እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና ጎንበስ አሉላት።

"ደብሪቱ፣ የኔ እናት፣ መልሱ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ምትኩን ሠርተሽ አምጪልኝ። መቼም አፍሽ ለነካው ክፈሉኝ አትዪኝም።"