እትዬ ረሂማ በራፍ ላይ የተኛው ውሻ

ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ይጠር... ወላሂ!

«እናቴ፣ ውሻ አይጫንም ብያለሁ!»

የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተገትሯል።

«ውሻ አይደለም ልጄ... ሸይጣን ነው። ወደመጣበት ልመልሰው ነው» አሉ እትዬ ረሂማ። እጃቸውን እንዳይነካቸው ገመዱን የያዙት በፌስታል ነው።

ረዳቱ ሳቀና ከኋላ አስገባቸው።

ውሻው ዳማ ይባላል። ጥጃ ያክላል። አንዴ ሲጮህ ጦሳ ተራራ «አቤት» ይላል!

ያመጣው ልጃቸው ተውፊቅ ነው።

ተውፊቅ ከጦርነት ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና መጣ» አለ።

ደህና ግን አልመጣም...

ንፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ መሬት ላይ ይደፋል። ሰፈር ውስጥ ለሰርግ ርችት የተተኮሰ ዕለት አልጋ ስር ነው የዋለው።

እትዬ ረሂማን አንጀታቸውን የቆረጣቸው ግን ሌላ ነው። ድሮ ጭናቸው ላይ ካልተኛሁ ይል የነበረ ልጅ፣ አሁን እጃቸውን ሲዘረጉለት ወደ ኋላ ይሸሻል።

«ተይኝ እማ... ውሻ ነክቶኛል።»

ሁልጊዜ መልሱ ይቺው ናት። ውሻውን ያቅፋል... እናቱን አያቅፍም!

ደግሞ ውሻው የሚተኛው የት መሰላችሁ? ከእሳቸው መኝታ ክፍል በራፍ ላይ! አምስት ወቅት በሚሰግዱበት ቤት!

«ከበራፌ አንሳልኝ ልጄ፣ ቤቱ ነጃሳ ሆነ፣ ረከሰ።»

«እማ፣ ሌላ ነገር አልለምንሽም። ይቺን ብቻ እሺ በይኝ።»

በየማለዳው ደግሞ ግቢው ውስጥ ጀሪካኑ አጠገብ ጭቃ ነው።

«ይኸው! ወታደሩ ልጄ እንደ ሕፃን ጭቃ ማቡካት ጀመረ!» ብለው ይቆጣሉ።

ነገሩን የጨረሰችው ጎረቤታቸው ኡሙሰልማ ናት።

«እትዬ፣ ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም። መላኢካ ካልገባ ልጅዎ በምን ይዳን?»

ይቺ ቃል ልባቸው ውስጥ ገባች። ልጃቸው እንዲድንላቸው ብለው፣ ተውፊቅ ገበያ ጭነት ሊያወርድ በወጣበት ዳማን አስረው የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወረዱ።

ኮምቦልቻ ላይ ገበያነሽ የምትባል ሴት አለች። መንገድ የተጣሉ ውሾችን ግቢዋ ሰብስባ፣ አሰልጥና፣ ከጦርነት ለተመለሱ ልጆች ትሰጣለች። ውሾቿ ከከተማው ሕዝብ ይበዛሉ!

ዳማን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«የተውፊቅ እናት ነዎት?»

«አዎ። እንኪ ውሻሽን።»

«ተውፊቅ ያውቃል?»

«ሲመጣ ያውቃል።»

«እናቴ... ዛሬ ከማን ጋር ሊያድሩ ነው?»

«ከልጄ ጋር ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ገበያነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ልጅዎ እኔ ጋ ሲመጣ የሚያጫውተኝ ውሻ ስጪኝ አላለም። እናቴን የሚጠብቅልኝ ስጪኝ ነው ያለው።»

«ከሌባ?»

«ከራሱ።»

ፌስታሉ ከእትዬ ረሂማ እጅ ወደቀ...

«ካምፕ ሳለ ጓደኛው ሊቀሰቅሰው ነካ ቢያደርገው፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለ አንገቱን አነቀው። በስንት ሰው ነው ያላቀቁት! ‹ስተኛ እጄ የኔ አይደለም፣ እማን ባንቃትስ?› እያለ እዚሁ አለቀሰ። ተውፊቅ ሲቃዥ ዳማ ሄዶ እጁን እየላሰ ይቀሰቅሰዋል። ሳይነቃ ከተነሳ ደግሞ በራፍዎ ላይ ቆሞ ይጮኻል... አያሳልፈውም።»

እትዬ ረሂማን ያ የጀሪካኑ ጭቃ ትዝ አላቸው።

ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ከልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው የከረመው፣ እናቱ ለሱብሒ፣ ለንጋት ሶላት፣ ሳትነሳ፣ የምትሰግድበትን ቤት እንዳይነጅስባት እጁን በአፈር ሲያጥብ ነው!

ዳማን ይዘው ሐረጎን ሽቅብ በረሩ። አሁን ገመዱን የያዙት በባዶ እጃቸው ነው።

ቤቱ ክፍት ነው። ተውፊቅ የለም። ኡሙሰልማ ደጃፉ ላይ ታለቅሳለች።

«‹ውሻውስ?› አለኝ... ‹እናትህ መለሰችው› አልኩት። ‹እማን በሯን ቆልፋ ትተኛ በያት› ብሎኝ ወጣ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ዳማ ይተኛበት የነበረው ቦታ ታጥቧል። መስገጃቸው እዚያው ላይ ተነጥፏል...

ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ረሂማና ዳማ የሚውሉት መናኸሪያ በር ላይ ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ዳማ ብድግ ይላል። እሳቸውም ብድግ ይላሉ።

አንድ ጁምዓ ታዲያ፣ ከቢስቲማ ከመጣ ሚኒባስ ተውፊቅ ወረደ!

እትዬ ረሂማ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ወደ ኋላ አለ።

«ተይኝ እማ... ውሻ ነክቶኛል።»

«እኔንም ነክቶኛል!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። መናኸሪያው በሙሉ አለቀሰ። ረዳቶቹ እንኳ መጣራት አቆሙ!

ወገኖቼ... የሸሸን ሁሉ የጠላን አይደለም። እንዳይጎዳን ብሎ የሚሸሽም አለ። ከመፍረዳችን በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

እናንተ በእትዬ ረሂማ ቦታ ብትሆኑ ዳማን በራፋችሁ ላይ ታስተኙት ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

በዕድሜዬ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ሳልናገር አልለያችሁም...

ያቺ ጁምዓ የኔ ጭማሪ ናት።

ተውፊቅ አልመጣም። እትዬ ረሂማና ዳማ ዛሬም መናኸሪያው በር ላይ ናቸው። ያየው ሰው ካለ «እናትህንም ውሻ ነክቷታል» ብሎ ይንገርልን።