ስንቴ ላሳይሽ

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ዘበኛ እናትየውን ከልጃቸው ጋር ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። "እማማ፣ ዛሬ ምነው አረፈዱ? ሁሌ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚሰለፉት።"

"የምን ሰልፍ?" አለች ልጃቸው። "ሁሉንም ቀጠሮ በኦንላይን ይዤልሽ የለ እንዴ?"

እናትየው ስልካቸውን መሐረብ ውስጥ መልሰው ጠቀለሉት። "ይዘሽልኝማ ነበር። መልእክቱን መክፈት አቃተኝ" አሉ በሹክሹክታ። "እንዳልጠይቅሽ፣ ያን ቀን 'ስንቴ ላሳይሽ?' ብለሽ ጮኽሽብኝ።"

ልጅቷ በሀፍረት እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በመስኮቱ በኩል ሠራተኛዋ የአስተያየት መስጫ ታብሌት አቀበለቻቸው። "በኦንላይን ቀጠሮ መጠቀምዎን ይቀጥላሉ?" ይላል።

እናትየው የልጃቸውን ፊት አዩና፣ 'አዎ' የሚለውን ፈገግ ያለ ምስል በጣታቸው ፈልገው ተጫኑ።

"ልጄ እያለችልኝ" አሉ ሁሉም እንዲሰማ፣ "ምን ሰልፍ ያስቆመኛል!"

ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።