የአስካለች ወንበር

አስካለች ጭቃ የነካው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ማዘጋጃ ቤት ስትደርስ፣ ወንበሯ ላይ የገዛ ድምፅዋ ተቀምጦ ነበር። የከተማው አማካሪ ጉባኤ አባላት ከተመረጡ በኋላ ራሳቸው አይናገሩም፤ ጠባያቸውን የተማረ ማሽን ይናገርላቸዋል። እሷም የሸክላ ሠሪ ሴቶች ተወካይ ሆና የተመረጠች ዕለት ማሽኑ ጠባይዋን ሊማር ሲጠይቃት ውሎ ነበር። ያ ይሉኝታ የሚሉት ክፉ አመል ይዟት፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት መከራከር ነውር መስሏት፣ ለሁሉም "እናንተ ካላችሁ ይሁን" ብላ መለሰች።

"የሸክላ መተኮሻው ሜዳ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ?" አሉ ሰብሳቢው።

"የለም! ምን በልተን እንደር?" ብላ አስካለች ከበሩ ላይ ጮኸች።

"እማማ፣ ተወካይዎ እየተናገሩ ነው፤ ዝም ይበሉ" አላት ጥበቃው።

"እናንተ ካላችሁ ይሁን" አለ ወንበሩ፣ በእሷው ለስላሳ ድምፅ።

ቤቷ ስትደርስ ዝናብ ጀምሯል። ደጅ እንዲደርቁ የተሰጡት ያልተተኮሱ ድስቶች ተመልሰው ጭቃ እየሆኑ ነው። ወሬው ቀድሞ የደረሳት ልጇ ውድነሽ አንዱን ድስት አቅፋ ቆማለች።

"እማዬ፣ መተኮሻ ከሌለን ድስቶቹ ምን ያደርጉልናል? እንጣላቸው?"

አስካለች "የለም" ልትል አፏን ከፈተች።

"አንቺ ካልሽ ይሁን" አለች።