ወንዙ ሲሞላ ገጹ አልከፈት አለ

«ገጼ አይከፈትም! ጋሽ ተንግ፣ ገጼ አይከፈትም!»

ያ-ሁይ የብሎጓን ቦታ ለሚያከራዩት ሰው ደውላ እየጮኸች ነው።

ከመስኮቷ ሥር ወንዙ ጭቃና ግንድ እየጠረገ ይወርዳል። አውሎ ነፋሱ ከገባ ሦስት ሰዓት ሆኖታል።

ድልድዩ ተዘግቷል… ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አባቷ ብቻቸውን ቤት ቁጭ ብለዋል።

«ታዲያ አትደውልላቸውም?» ትሉ ይሆናል።

ሰውየው ጆሯቸው አይሰማም!

ጎረቤቶቻቸው ጠዋት ሲወጡ በሩን ደብድበው ደብድበው፣ ሰው የለም ብለው ሄደዋል። የእሳት አደጋ ሰዎች እንዳይደርሱላቸው መንገዱ ተንዷል።

ሽማግሌው የሚያምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው… የልጃቸውን ብሎግ።

ያ-ሁይ በታይዋን ምሥራቅ፣ ተራራ ሥር ባለችው ከተማችን ቁርስ ቤት አላት። እኔም የእንቁላል ቂጣዋ ደንበኛ ነኝ። ከመስኮቷ የድልድዩ እግር ላይ የተቀባው ቀለም ይታያል… ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

ባለፈው ዓመት ብሎግ ከፍታ ውሃው የቱ ቀለም ላይ እንደደረሰ በየግማሽ ሰዓቱ መጻፍ ጀመረች። ለአባቷ ብላ ነው። ታብሌት ገዝታ፣ ሲበራ የሷ ገጽ ብቻ እንዲመጣ አድርጋ ሰጠቻቸው። ሌላ ነገር አይነኩም።

«ጆሮዬ ሳይደክም፣ እነዚያ የመንግሥት ባለማይኮች ሦስቴ ውጣ ብለውኝ፣ ሦስቴም ውሃው ሳይመጣ ቀረ» ይላሉ አባት። «አንቺ ቀይ ካልሽ ግን ዶሮዎቼን ይዤ እወጣለሁ።»

አሁን ውሃው ቀዩን ነክቷል።

ልትጽፍ ትሞክራለች… አይገባላትም። አባቷ ታብሌት ላይ የቀረው የመጨረሻው ቃል «ቢጫ» ነው። ቢጫ ማለት ለእሳቸው ተረጋግተህ ሻይህን ጠጣ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ብሎጉን ስትጀምር ሰርቨር፣ ማለትም ገጾች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ የሚያከራዩት ጋሽ ተንግ ቁጭ አድርገው አስረድተዋት ነበር።

«ስሚኝ ልጄ። ነጻው ሰርቨር በሰው ቤት መጠጋት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ውጪ ይልሻል። የጋራው እንደ ኪራይ ግቢ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ጎረቤት ልብስ ሲያጥብ አንቺ ትጠሚያለሽ። ሦስተኛው የራስሽ ግቢ ነው፤ እሱ ወደድ ይላል።»

«የጋራው ይበቃኛል ጋሼ። ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

ዛሬ ከተማው በሙሉ አነበበው!

በዚያ ላይ እዚያው ሰርቨር ላይ የእትዬ ፓን የጨረቃ ኬክ መሸጫ ገጽ አለ። ይህ ኬክ የሚበላበት የመኸር በዓል አራት ቀን ቀርቶታል። በአውሎ ነፋሱ ምክንያት ሥራ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ኬክ ያዛል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ… ከሁለት ሳምንት በፊት ገጿ ሲንቀራፈፍባት፣ ያ-ሁይ ለእትዬ ፓን እንዲህ ብላ ጽፋላቸው ነበር።

«ያንቺ ኬክ የሁላችንንም ቧንቧ ጨረሰው! ስግብግብ!»

«አንቱ» እንኳን አላለችም እኮ!

እትዬ ፓን አልመለሱላትም።

ወደ ስልኩ እንመለስ… «ጋሼ፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ራሴ ግቢ ያዛውሩኝ! የፈለጉትን እከፍላለሁ!»

«ልጄ፣ እሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው!»

«አባቴ አንድ ሰዓት የለውም!»



«ቆዪ» አሉ ጋሽ ተንግ፣ ስልኩንም ዘጉት።

ያ-ሁይ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ፈራች… በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ቀዩ ቀለም ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገባ። ማዶ የአባቷ የጓሮ አጥር እንጨት አንድ በአንድ እየተነቀለ ሲሄድ ታየዋለች።

አምስት ደቂቃ…

ዘጠኝ ደቂቃ…

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ገጹ ተከፈተ!

«ቀይ! አባዬ ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

ጻፈችና ዓይኗን ከማዶው በር ላይ አልነቀለችም።

በሩ ተከፈተ። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ፣ በሁለት እጃቸው የዶሮ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ቀስ እያሉ ወጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤቱን ውሃ ወሰደው።

በማግስቱ ለጋሽ ተንግ ደወለች። ለቅሶዋ አላናግራት አለ።

«ጋሼ… እንዴት አድርገው ሠሩት?»

«እኔ ምንም አልሠራሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እትዬ ፓን ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራቸው ‹ያቺ ስግብግብ ያለችኝ ልጅ ናት?› አሉኝ። ፈራሁ… ግን አልዋሸሁም፣ አዎ አልኩ። ‹ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የኔን ዝጋው!› ብለው ጮኹብኝ።»

የእትዬ ፓን ገጽ ወንዙ እስኪጎድል ሁለት ቀን ሙሉ አልተከፈተም። በዓመቱ ትልቁ ገበያቸው እሱ ነበር።

ያ-ሁይ ዳቦ ቤታቸው ሄደች። ያልተሸጠው የኬክ ካርቶን ጣሪያ ደርሷል። ገና በሩ ላይ ለይቅርታ ጎንበስ ብላ እንባዋን አፈሰሰችው።

እትዬ ፓን አዩዋት።

«እንባሽ ካርቶኔን እንዳያረጥብብኝ! ይልቅ አባትሽ የቱን ይወዳሉ… የባቄላውን ወይስ የእንቁላል አስኳሉን?»

ያ-ሁይ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ዶሮዎቻቸው ተርፈዋል አይደል? እንግዲያው እንቁላል አያጡም… የባቄላውን ውሰጂላቸው።»

✅ ብሎግ ልትጀምሩ ያሰባችሁ… ስትከራዩ ዋጋውን ብቻ አትዩ። «ሰው ሁሉ የመጣ ቀንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

✅ ጎረቤትን ለመስደብ ደግሞ አትቸኩሉ። የክፉ ቀን ደራሽ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እኔ በበኩሌ ቂመኛ ነኝ… «መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቀኝ!» ብዬ ያንን አሥራ አንድ ደቂቃ እጨርሰው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

እናንተስ? «ስግብግብ» ላለቻችሁ ሰው፣ በዓመቱ ትልቁ የገበያ ቀን ሱቃችሁን ትዘጉ ነበር? እውነቱን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ…👇