የመጠለያው ስም ጥሪ

የሺዓለምን ስንት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው አንድ ነገር ነው፤ ቀበሌው የባሏን የዘገዬን ስም አልሰርዝም ማለቱ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ዘገዬ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለውን የአየር ድብደባ መጠለያ ሊቆፍር እንደወጣ በዚያው ቀረ። «ኮብልሎ ነው» አሏት። ክረምት በወጣ ቁጥር ዝናብ የናደውን መጠለያ ለመጠገን ሰፈርተኛው ሲጠራ፣ አሁንም የሚጠራው እሱ ነው። «አቤት» ብላ ጭቃ የምትሸከመው ግን እሷ ናት።

ዘንድሮ ቆረጠች።

«ዛሬስ አቤት አልልም። ወይ ሞቷል ይበሉኝ፣ ወይ ያምጡት» አለቻት ለጎረቤቷ ለሰዓዳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በገዛ አፍሽ ልትታሰሪ ነው? ልጆችሽን ማን ሊያበላልሽ?» አለች ሰዓዳ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለች። «እሱማ እዚህ ቆሞ ሲጠሩት ‹አለን፣ ገና አልሞትንም› ነበር የሚላቸው።»

ሰፈርተኛው መጠለያው አፍ ላይ ተሰልፏል። ውስጥ ማንም የለም፤ ሁለቱ ሴቶች ትናንት የመረጉት የመጨረሻው ጥግ ግድግዳ እንኳ ገና አልደረቀም፤ ከጀርባው ያለው አፈር ብቻ ነው። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ስም መጥራት ጀመረ።

«ዘገዬ ወልደየስ።»

የሺዓለም «አቤት» አላለችም። ሰዓዳ ክንዷን ቆነጠጠቻት፤ እሷ ግን ክንዷን አስለቀቀች።

ጠባቂው ቀና ብሎ አያት። «ዘገዬ የለም ማለት ነው?»

ከመጠለያው ውስጥ፣ ከእርጥቡ ግድግዳ ወዲያ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለን፣ ገና አልሞትንም።»