በሴት የተያዘች

መኪና ሲሸጥ መኪናው ራሱ ስለራሱ እውነቱን ይናገር የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ ደላላ ሁሉ ሥራ ፈቷል። ባለቤቴ ሶፎንያስ ግን የሱን አንደበት የሚያሸንፍ ማሽን ገና አልተፈጠረም ባይ ነው።

ፍጥነት እንዲጨምርላት ቱርቦ ያስገጠመላትን መኪናችንን ሊገዛ ቃልአብ የሚባል ጎረምሳ ግቢያችን መጣ። ሶፎንያስ ኮፈኑን ከፍቶ፣ «እንዳትጠራጠር፣ በሴት የተያዘች ናት» አለው።

ቃልአብ ወደ መኪናዋ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

«ሴት የነዳችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው» አለች መኪናዋ በዚያ ትሑት ድምጿ። «ወይዘሮዋ ምጥ ይዟቸው ነበር። አቶ ሶፎንያስ እጃቸው ተንቀጥቅጦ መንዳት ስላቃታቸው ጎናቸው ተቀምጠው፣ ‹ቀስ በይ፣ ቱርቦው አልሞቀም› ይሏቸው ነበር። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም።»

ቃልአብ ሳቁን ለመደበቅ ሞተሩን የሚያይ መስሎ አጎነበሰ። ሶፎንያስን ላብ አጠመቀው።

በየዓመቱ በልጃችን ልደት፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት፣ አባቷ ሳህኑን እንደ መሪ እያሽከረከረ እኔን እንዴት አብርሮ ሆስፒታል እንዳደረሰኝ ይተርክላታል። እኔም «እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» እያልኩ አጅበዋለሁ።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አላት ቃልአብ።

«ብዙ አለ» አለች መኪናዋ።

ሶፎንያስን በክርኔ ጎሰም አደረግኩት።

«ዋጋውን ቀንስለትና ዛሬውኑ ይዟት ይሂድ» አልኩት በጆሮው። «እሁድ የልጅቷ ልደት ነው።»